ማዶ ራቀብኝ

የሰፈሬን ስም አልናገርም። በደቡቡ የባቡር መስመር ላይ፣ ከጎተራ ወዲያ ከሳሪስ ወዲህ ያለች ናት ካልኩ ይበቃል። ከዚያ አልፌ ከተናገርኩ፣ ከሰጠኋቸው ይልቅ የወሰድኩባቸውን ብቻ የሚያስታውሱ አንዳንድ ሰዎች ደጄን ያገኙታል።

የማማርረው ስለ ባቡር ፌርማታችን ነው። ባቡሩማ ምን በወጣው! በተዘረጋለት ሐዲድ ይሄዳል፣ በዚያው ይመለሳል፤ በዚህ ከብዙ ሰው ይሻላል። ፌርማታው ግን አጥሩን፣ ደረጃውን፣ የትኬት መቁረጫ ሳጥኑን አስከትሎ መጥቶ ሰፈሬን ወዲህና ወዲያ ሲከፍላት የእኔን ጉልበት ያማከረ የለም። ይኸው ከደጄ ስቆም ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ወለል ብሎ ይታየኛል። ባለ ሥጋ ቤቱም ያየኛል። እሱ ቢላውን፣ እኔ ከዘራዬን ከፍ አድርገን ሰላም እንባባላለን። ድሮ ግራ ቀኝ አይቶ፣ አንድ ሁለት ሹፌር ሰድቦ መሻገር ነበር። አሁን ግማሽ ኪሎ ሥጋ የፈለገ ሰው እስከ መሸጋገሪያው ድልድይ ይሄዳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ አናቱ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ይወርዳል፤ ሥጋውን ገዝቶ ያንኑ መከራ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቤት ስገባ ሥጋው ጥሬ ነው፤ የተጠበስኩት እኔ ነኝ።

ባቡሩ ሩቁን አቀረበ ይሉናል። እውነት ነው፣ ቃሊቲ ቀርባለች። እኔ ግን ቃሊቲ ምን አለኝ? እግዜር ይመስገን፣ እዚያ ስንቅ የማመላልስለት እስረኛ የለኝም። የእኔ ሰው፣ የእኔ ቤተ ክርስቲያን፣ የእኔ ሥጋ ቤት፣ ሐኪም ከልክሎኝ የማልሄድበት ጠጅ ቤት ሳይቀር፣ ሁሉም ማዶ ነው። ማዶ ደግሞ ራቀ።

ሽማግሌ ስለሆነ ባቡር አይወድም እንዳትሉኝ። እኔ ባቡር እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣ የምመስለውን ያህል አላረጀሁም። ግን ልጅ ሆኜ አባቴ እንግዳ ሊቀበል ለገሃር ሲሄድ ያስከትለኝ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ባቡር መቀበል የዋዛ ነገር አልነበረም። ልብስ ይቀየራል፣ ጫማ ይጠረጋል። ሊቶሪና የምትባለዋ ባቡር ስትገባ ከድሬዳዋ የመጣው ብርቱካንና መንደሪን ሽታው ቀድሞ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሰው ይወርዳል፤ በመጨረሻ ፈታሾች እንዳያዩት በነጠላ የተጠቀለለው ነገር ይወርዳል። የሚቀበለው ዘመድ የሌለው ሰው እንኳ የሌላውን ሰው ዘመድ ለማየት ይመጣል። ዙሪያውን ሆቴል፣ ቡና ቤት፣ ፎቶ አንሺ፣ ደላላ። ጣቢያ ማለት ሰው የሚሰበሰብበት ነበር።

የዛሬው ፌርማታ ላይ ግን እስቲ ሳትሳፈሩ ቁሙ። «አባባ፣ ትኬት አለዎት?» ይላል ዘበኛው። የለኝም። «ታዲያ ምን ይሠራሉ?» ሰው አያለሁ። «ሰው ማየት እዚህ አይቻልም።» እንዲህ ብሎኛል፤ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የታዘዘው ነው። ሰው ማየት እንኳ!

የጅቡቲውም ባቡር ቢሆን እንደ ድሮው ከተማ መሐል አይገባም። አዲሱ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ሲመረቅ የመንገደኛ መነሻው ለቡ ሆነ። ለቡ ለመድረስ ደግሞ ታክሲ ነው። ባቡር ለመሳፈር ታክሲ፣ ታክሲ ለመሳፈር ድልድይ፣ ድልድይ ለመውጣት ጉልበት። ለገሃር በር ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ቆሞ የማንን መንገደኛ እንደሚጠብቅ እንጃለት።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ቁፋሮው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ያኔ ቀበሌ አዳራሽ ጠርተው አነጋገሩን። አንድ ሸጋ ጎልማሳ ሰፊ ካርታ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። በካርታው ላይ ሰፈራችን አንዲት መስመርና አንዲት ነጥብ ናት። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ባለ ሥጋ ቤቱም የለም። እጄን አወጣሁና፣ «ልጄ፣ እኔ ይህቺን ነጥብ የምሻገረው በየት በኩል ነው?» አልኩት። «አባባ፣ ያነሱት ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው፤ በሂደት የሚታይ ይሆናል» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። በሂደት ይታያል የተባለ ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ስንት ጣት አቧራ እንደሚጠጣ፣ በስንተኛው ሹም ዘመን እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ሻይና ብስኩት ሰጡን። ብስኩቱን በላሁ፣ ተስፋዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀይ ቀለም መጣ። ጠዋት ስንነሳ ከዋናው መንገድ ዳር ያሉት በሮችና ግድግዳዎች ተቀልመዋል። የጫማ ሰፊው ቆርቆሮ፣ የቡና አፍዪዋ በር፣ የጋዜጣ አከራዩ ጥግ፣ ሁሉም ተነሣ። ጋዜጣ አከራዩ ሲሄድ እኔም ማንበብ አቆምኩ፤ ገዝቶ ማንበብ የለመድኩት ነገር አይደለም። ከዚያ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ሌሊት መብራት ተክለው ይሠራሉ። ሥራውን የያዙትን ቻይናዎች በሥራ አላማቸውም፤ እንደነሱ የሚሠራ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ቢኖረን ኖሮ ስንት የጡረታ ፋይል ይገኝ ነበር። ግን አንድ ቀን የቁፋሮው መኪና የውሃ ቧንቧችንን በጠሰው። ውሃው ወደ ሰማይ ሲፈነዳ እኔ በጋቢዬ ሮጬ ወጣሁ። አለቃቸው ቧንቧውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ችግር የለም» አለኝ። ከአገሩ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ከቋንቋችን መርጦ የለቀማት ይህቺን ነው! የችግር የለሙ ውሃ እስኪመለስ ድረስ ባለቤቴ ጄሪካን ይዛ፣ እኔ ምክር ይዤ፣ ከላይ ሰፈር ስንቀዳ ከረምን።

ቁጥሩን ደግሞ እንየው፤ የመዝገብ ቤት ሰው ቁጥር ይወዳል። ሥራው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ከመቶው 85 እጅ ከቻይና ኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር የመጣ ነው። ሁለት መስመር፤ አንደኛው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። መሐል ከተማ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ግቢ። የእኛው የደቡቡ መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ የአያቱ ጥቅምት 29 ተከተለ። ይህ ሁሉ ያኮራል፤ እኔም ኮርቻለሁ። ከሰሃራ በታች የመጀመሪያው ነው ሲባል ደረቴን ነፍቼ ለባለ ሱቁ ነግሬዋለሁ። ግን በ475 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ አንዲት ሜዳ ላይ የተሠመረች የእግረኛ ማቋረጫ ለእኛ ደጅ ብትገባ ምን ነበረበት? ኖራው ስንት ብር ነው? እኔው አዋጣ ነበር። ያው እዳ ሆኖ ይያዝልኝ እንጂ።

በተመረቀ ሰሞን ባለቤቴ ነጭ በነጭ ለብሳ ተሳፈረች። የምትሄድበት ጉዳይ የላትም። እስከ ምኒልክ አደባባይ ሄዳ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ልትመለስ ፈልጋ፣ «እትዬ፣ መውረድ አለብዎት» ሲሏት ወርዳ እንደገና ትኬት ቆርጣ መጣች። ዋጋው ያኔ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። «ከሠርጌ ቀን መኪና ይሻላል» አለችኝ። የሠርጓን ቀን መኪና የተከራየሁት እኔ ነበርኩ። ይህንንም በባቡሩ ላይ ይዤበታለሁ።

ስለ ምኒልክ አደባባይ ካነሣሁ፣ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ነገር አልረሳውም። መስመሩ እዚያ ጋ ከመሬት በታች ዋሻ ገብቶ ያልፋል፤ ስለዚህ ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ተነሣ። ከተማው ሁሉ ተንጫጫ፤ አይመለስም ያለው በዛ። እኔ ይመለሳል ብዬ ተከራክሬያለሁ። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ እንኳ ጣሊያን ዘርፎት ሮም ደርሶ ተመልሶ የለ? ሐውልት ሄዶ ሲመለስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አቡኑ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ ተከራካሪዬ ግን የተወራረድነውን ቢራ እስካሁን አልገዛልኝም። ማዶ ነው የሚኖረው።

ነገሩን ሳሰላስለው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሜክሲኮን፣ ለገሃርን፣ ልደታን፣ ሰባተኛን እዩ። እዚያ ባቡሩ በምሰሶ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ያልፋል፤ ከሥሩ ሰው እንደ ልቡ ይሻገራል፣ ዝናብ ሲመጣም ይጠለላል። ደረጃ የሚወጣው ሊሳፈር የፈለገው ብቻ ነው፤ ፈልጎ ነውና ይውጣ። በእኛ በኩል ግን ሐዲዱ መሬት ላይ፣ አስፋልቱ መሐል ተነጠፈ፤ ባቡሩ ሳይደናቀፍ እንዲሮጥ በግራ በቀኝ አጥር ታጠረ። ባቡሩ ሰማይ በወጣበት ሰው ምድር ቀረ፤ ባቡሩ ምድር በቀረበት ሰው ሰማይ ይወጣል። የማይሳፈረውም፣ ሽሮ ሊያስፈጭ የሚሄደውም፣ እኔም። ምሰሶ ውድ እንደሆነ አላጣሁትም። ጉልበትም ውድ ነው፤ እስቲ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ዋጋውን ጠይቁ።

ወጣቱማ መላ አያጣም፤ አጥሩን ዘሎ ያልፋል። አይቼ እቆጣለሁ፤ «አንተ ልጅ፣ ባቡር ይፈጭሃል!» እላለሁ። ዞር ሲል ግን እንዴት አድርጎ እግሩን እንዳሳለፈ በዓይኔ አጠናለሁ።

ሞት እንኳ መንገዱ ረዝሟል። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን አረፈ፣ ነፍሱን ይማረው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ የቅዳሴው ዜማ አልጋው ድረስ ይሰማው ነበር። ድሮ ቢሆን አራት ጎልማሳ ተሸክሞ መንገዱን ማቋረጥ ነበር። መኪናውም ይቆማል፣ ሹፌሩም ቆቡን ያወልቃል። አሁን ሬሳ በድልድይ ደረጃ ማን ያወጣል? አስከሬኑ መኪና ላይ ተጭኖ ቁልቁል ሄደ፣ መዞሪያ ፈለገ፣ ዞረ፣ መብራት ያዘው፣ ደግሞ ሽቅብ መጣ። በድልድዩ የተሻገርነው ሽማግሌዎች እየተደጋገፍን፣ እያረፍን፣ አንዳችን የሌላችንን ሳል እየቆጠርን እንኳ ቀድመን ደረስን። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የሩቅ አገር እንግዳ ሳይቀር አለ፤ የሌለው ሟቹ ብቻ ነው። ለቅሶው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ማንን እያዩ ያለቅሳሉ? ሚስቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ምን ታደርጉታላችሁ፣ በሕይወቱም ለቅዳሴ ቀድሞ ደርሶ አያውቅም» አለች።

ከዚያ ወዲህ የእድራችን ነገር ውል አጣ። የወዲህኞቹ ድንኳኑ ወዲህ ይቀመጥ አሉ፤ የወዲያኞቹ ቤተ ክርስቲያኑ እኛ ጋ ነውና ድንኳኑም እኛ ጋ ይሁን አሉ። ሦስት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ግማሹ አባል በደረጃው ምክንያት ስለሚቀር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። እስካሁን ትልቁ ብረት ድስት ወዲህ ነው፣ ክዳኑ ወዲያ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወዲያ፣ ምስማር የሚመታው አናጢ ወዲህ። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ገንዘብ ያዡም ማዶ መሆኑ ነው፤ እሱም ጉልበቱን ያመዋል፣ መቀጮ ሊሰበስብ ወደዚህ ተሻግሮ አያውቅም።

ስለ መጸዳጃ ልናገር? ባለቤቴ አትናገር ብላኛለች፤ ስለዚህ ባጭሩ እናገራለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ባቡር ሲጠብቅ የሚጠብቀው ባቡሩን ብቻ አይደለም። እኛ ፌርማታ ላይ ደግሞ ከባቡሩ በቀር የሚመጣ መላ የለም። በቃ፣ ጨረስኩ።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በየማለዳው በባቡሩ ትሄዳለች። ሳማርር ትስቅብኛለች። «አባባ፣ አንተ አንድ መንገድ መሻገር ቸገረህ፤ እኔ ባቡሩ ባይኖር ሁለት ታክሲ ተሰልፌ፣ ሁለቱም ሞልቶ አልፎኝ፣ ክፍል ስገባ መምህሩ ወጥቶ ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው በባቡር ላይ ክፉ አይናገርም። እኔም ብሆን ፒያሳ ጉዳይ ሲኖረኝ በባቡር ነው የምሄደው፤ ተሳፍሬ ግን በልቤ እያማረርኩ ነው። ወጣቶቹ ተነሥተው ያስቀምጡኛል፤ አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር በከዘራዬ ጫማውን ነካ አደርገዋለሁ፣ ኪስ አውላቂም ሲጠጋኝ እንዲሁ። ያ ከዘራ ለመደገፍ ብቻ የተገዛ አይደለም።

ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ባቡሩን መውቀስ እንኳ በሰላም አላስወቅሰን አለ፤ ራሱ ጠፋ። ሐዲዱ አለ፣ አጥሩ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ ባቡሩ ግን ሲመጣ ብቻ ነው የሚመጣው። ከ41ዱ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው፣ ለመለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ አጥተው፣ በቃሊቲና በአያት ጋራዥ ቆሙ። የመጣው አንዱ የስንቱን ባቡር ሰው ችሎ ይጫን! በሩ ሲከፈት ውስጥ ያለው ሰው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ውጭ ያለው ወደ ውስጥ፣ አንዲት ቅርጫት የያዘች ሴት መሐል ላይ ሳትወጣም ሳትወርድም ሁለት ፌርማታ ትሄዳለች። ባቡሩ የማይመጣ ከሆነ፣ አጥሩን ለእኛ ለመሻገሪያ ያህል መክፈት ምን ይከብዳል? ይህን ለዘበኛው ብነግረው፣ «አባባ፣ ባቡሩ ቢመጣስ?» አለኝ። ልጄ፣ ባቡሩ ሲመጣ አንተም እኔም ስልክ ተደዋውለን እንነጋገራለን።

ይህን ሁሉ ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ተነገረኝና፣ የምችለው ነገር በመሆኑ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ትቼዋለሁ፤ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች እኛን አይመለከትም ብለው እርስ በርስ ሲያስተላልፉት እንዳይቸገሩ።

ለሚመለከተው ክፍል፤
ጉዳዩ፦ ማዶን ስለ ማስመለስ

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ አመልካች የመንግሥት ጡረተኛ፣ የእድር አባልና ግማሽ ኪሎ ሥጋ በየሳምንቱ የሚገዛ ነዋሪ ስሆን፣ ከደጄ ፊት ለፊት ይገኝ የነበረው ማዶ በባቡር ፌርማታ ግንባታ ምክንያት ከቦታው ስለራቀ፣ ተገቢው ማጣራት ተደርጎ፣ በመሬት ደረጃ ላይ መብራት ያለው አንድ የእግረኛ ማቋረጫ እንዲሠራልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ድልድዩ ላይ መሐል ቦታ አንድ ወንበርና አንድ ጥላ እንዲቀመጥልኝ፣ ወንበሩም ሰው ማየት በማይከለክል አቅጣጫ እንዲዞርልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ጉዳዩ በሂደት ይታያል የሚባል ከሆነ፣ ፋይሉ ከታች መደርደሪያ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ፤ ከላይ ያለው ደረጃ ያስፈልገዋል።

ግልባጭ፤
— ለእድሩ ጽሕፈት ቤት (ለወዲህኛው)
— ለእድሩ ጽሕፈት ቤት (ለወዲያኛው፤ ተሻግሮ የሚያደርስ ሰው ሲገኝ)
— ለጉልበት ሐኪሜ፣ ለመረጃ
— ለባለ ሥጋ ቤቱ፣ የቆየችውን ሒሳብ ማቋረጫው እስኪሠራ እንዲታገሠኝ